ሕግ ቶሎ የሚጠገነው ለማን ነው?

የአሜሪካ ምርጫ በመጣ ቁጥር ስልካችን በቀይና በሰማያዊ ካርታ ይጥለቀለቃል። እኔን ግን ከሁሉም የሚስበኝ እ.ኤ.አ. የ1800ው ምርጫ ነው። ብዙ ሰው የሚያወድሰው ሥልጣን ከፓርቲ ወደ ፓርቲ ያለ ጦርነት ስለተሸጋገረበት ነው። ልክ ነው፣ ትልቅ ነገር ነው። ታሪኩ ግን እዚያ ላይ አያበቃም።

ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት ሰዎች ለፓርቲ ቦታ አልተዉለትም ነበር። እያንዳንዱ ወኪል መራጭ ሁለት ድምፅ ይሰጣል፤ የትኛው ለፕሬዚዳንት፣ የትኛው ለምክትል እንደሆነ አይለይም። አብላጫውን ያገኘ ፕሬዚዳንት፣ ተከታዩ ምክትል ይሆናል፤ በቃ። በ1796 ውጤቱ ታየ፦ ፌደራሊስቱ ጆን አዳምስ ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ ተቀናቃኙ ቶማስ ጄፈርሰን ምክትሉ ሆኖ ቁጭ አለ።

በ1800 ደግሞ ባሰ። የጄፈርሰን ሪፐብሊካኖች (የዛሬዎቹ አይደሉም) ዲሲፕሊናቸው ጉድ አመጣባቸው። ሁሉም መራጮቻቸው ለጄፈርሰንም ለአሮን በርም እኩል ድምፅ ሰጡ፤ 73 ለ73። አዳምስ በ65 ቀረ። በር ቁርጡ ሲመጣ «እኔ የታሰብኩት ለምክትልነት ነው» ብሎ ገለል አላለም።

ጉዳዩ ወደ ተወካዮች ምክር ቤት ሄደ። እዚያ እያንዳንዱ ግዛት አንድ ድምፅ ነው ያለው፤ ከ16ቱ 9 ያስፈልጋል። ከየካቲት 11 ቀን 1801 ጀምሮ 35 ጊዜ ድምፅ ተሰጠ፣ አሸናፊ ጠፋ። በመጨረሻ የደላዌር ብቸኛ ተወካይ የነበረው ፌደራሊስቱ ጄምስ ባያርድ አቋሙን ለወጠ፣ ሌሎችም ድምፃቸውን ተዉት። የካቲት 17፣ በ36ኛው ዙር፣ ጄፈርሰን በ10 ግዛቶች አሸነፈ። ባያርድ በድርድር ነው ወይስ ለአገር አስቦ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከዚያስ? ፖለቲከኞቹ ተቃጥለው ስለነበር በ1804 12ኛው ማሻሻያ ጸደቀ፤ ለፕሬዚዳንትና ለምክትል ለየብቻ መምረጥ ተጀመረ። አራት ዓመት እንኳ አልሞላም!

አሁን ሌላውን ደንብ እዩት። ያው ሕገ መንግሥት የግዛቶችን የመቀመጫና የመራጭ ቁጥር ሲያሰላ በባርነት የተያዙ ሰዎችን ከአምስት ሦስት እጅ አድርጎ ይቆጥር ነበር። እነሱ አይመርጡም፤ ጥቅሙ የጌቶቻቸው ነው። ይህ ስሌት ባይኖር አዳምስ ያሸንፍ ነበር የሚሉ የታሪክ ምሁራን አሉ። ፌደራሊስቶችም ያኔውኑ አማርረዋል። ይህኛው ደንብ ግን እስኪሻር የእርስ በርስ ጦርነት አስፈልጓል፤ ባርነት በ1865፣ ስሌቱም በ1868 ቀረ።

እኔ ኢኮኖሚክስ ነው የተማርኩት፤ እዚያ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ማን ምን ይጠቀማል?» ነው። አንዱ ደንብ ሥልጣን ያላቸውን አስቸገረ፣ ቶሎ ተጠገነ። ሌላው ድምፅ የሌላቸውን ረገጠ፣ ሥልጣን ያላቸውን ጠቀመ፣ ከስልሳ ዓመት በላይ ቆየ።

ስለዚህ ስለ ጠንካራ ተቋም የሚያወራ ፖስት ስታዩ ላይክ ከማድረጋችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ተቋም ስህተቱን የሚያርመው የማን ጫማ ሲጠብ ነው?