የመመረቂያ ጽሑፎቻችን የት ደረሱ?

ባለፈው ዓመት አንድ የኬሚስትሪ ተማሪ ጓደኛችን ለመመረቂያ ጽሑፉ በስምጥ ሸለቆ ካለ አንድ መንደር የጉድጓድ ውሃ በጠርሙስ እየቀዳ ወደ ላቦራቶሪ ያመላልስ ነበር። የአውቶቡሱን ሒሳብ የከፈለው ከኪሱ ነው። ውሃው ሲመረመር በውስጡ ያለው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ካወጣው ወሰን፥ ይኸውም በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም አልፎ ተገኘ። ጓደኛችን ጽሑፉን አስጠረዘ፤ መምህሩም ጥሩ ማርክ ሰጡት፤ ተመርቆ ሄደ። ጥራዙ ዛሬ በዲፓርትመንቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገኛል። የቁም ሣጥኑ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ ለማወቅ ብቻ ሁለት ቀን ፈጅቶብናል።

ውሃውን ቀድተው የሰጡት እናት ግን ምን እንደ ተገኘበት እስከ ዛሬ የነገራቸው የለም። የልጆቻቸው ጥርስ በልዟል። ምናልባት ውሃውን አፍልተው ቢያጠጧቸው የሚሻል መስሏቸው ይሆናል፤ ፍሎራይድ ግን በማፍላት አይጠፋም፤ ውሃው በተነነ ቁጥር የቀረው ይጠነክራል እንጂ። ለብዙ ዓመት ሲጠጣም ጥርስን ብቻ ሳይሆን አጥንትንም ይጎዳል። በአጥንት ከሰል ማጣራት እንደሚቻል በዚያው ጥራዝ ውስጥ ተጽፏል። በእንግሊዝኛ ተጽፎ፥ ተቆልፎበታል።

የተማሪ ምርምር መለማመጃ ነው እንጂ ምርምር አይባልም የሚሉ አሉ። ከመምህራን መካከል አሉ፤ ከእኛም መካከል አሉ። ነገሩ ከፊል እውነት ነው። በዐሥር ጠርሙስ ውሃ ስለ አንድ ወረዳ መፍረድ አይቻልም፤ መለኪያውም በትክክል ተስተካክሎ ይሁን ሳይስተካከል የሚያውቅ የለም። ዳሩ ግን ከእነዚያው ጉድጓዶች በየዓመቱ አንድ ተማሪ ዐሥር ዐሥር ጠርሙስ ቢቀዳና የኋለኛው የፊተኛውን አንብቦ ቢቀጥል፥ ከዐሥር ዓመት በኋላ የሚገኘው መዝገብ አንድ ፕሮፌሰር ብቻውን ሊሰበስበው የማይችል ይሆን ነበር። አሁን የሚሆነው ሌላ ነው። ያምናው ተመራቂ የደከመበትን የዘንድሮው ሳያውቅ እንደ ገና ከሀ ይጀምራል። የተቆለፈ ነገር ለሌባም ይመቻል፤ የሌላውን ጽሑፍ ሽፋኑን ብቻ ለውጦ ያስረከበ እንዳለ እናውቃለን። ይህንንስ በመምህራን ላይ አናላክክም፤ የእኛው ጥፋት ነው።

የተማሪን ጥናት ማተም ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቬርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950 ተከፍቶ ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎቹ የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቁመው ከ1953 ጀምሮ ቡሌቲን ያወጡ ነበር። ተማሪው የአገሩን ልማድ አጥንቶ ይጽፋል፤ ጽሑፉም ይታተምለታል። እነዚያ ጽሑፎች ከብዙ ዓመት በኋላ ተሰብስበው እንደ ገና ታትመዋል፤ ተመራማሪዎችም ይጠቅሷቸዋል። ጸሐፊዎቹ ግን ያን ጊዜ እንደ እኛው ለፈተና የሚያጠኑ ልጆች ነበሩ።

የእንዶድንም ነገር እናስታውስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። የቢልሃርዝያ ትል የሚያድገው በቀንድ አውጣ ውስጥ ነውና ከዚህ ትልቅ ጥናት ተወለደ፤ ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አስገኝቶላቸዋል። እርሳቸው ያን ጊዜ ተማሪ አልነበሩም፤ የተማረ ሊቅ ነበሩ ይባል ይሆናል። እውነት ነው። ግን የመጀመሪያው እርምጃ ቆሞ ማየትና አጣቢዎቹን መጠየቅ ነበር፤ ይህንን የሁለተኛ ዓመት ተማሪም ይችላል። የማይችለው ያየውን የሚሰማው ሰው ማግኘት ነው።

ከዩኒቬርሲቲያችን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የአውቶቡስ፥ የጠርሙስና የኬሚካል ወጪ በደረሰኝ ይሸፈን፤ ላቦራቶሪው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይከፈት፤ ቁም ሣጥኑም ወደ ቤተ መጻሕፍት ይዛወር። ማኅበራችን በበኩሉ ከዚህ መጽሔት በየእትሙ ሁለት ገጽ ለተማሪዎች ጥናት ይስጥ። ያልተሳካ ሙከራም ይውጣ፤ ምክንያቱም አንድ ሰው አራት ወር ደክሞ ያልሆነለትን ነገር ሌላው ቢያውቅ አራት ወር ይተርፈዋል። ደግሞም በእንግሊዝኛ ብቻ አይሁን። ለመንደሩ የሚላከው ወረቀት በመንደሩ ቋንቋ መጻፍ አለበት።

አንድ የሚያሳስበን ነገር አለ፤ አንሸሽገውም። ገና ያልተረጋገጠ ቁጥር ይዘን «የዚህ መንደር ውሃ መርዝ ነው» ብለን ብናወጣ፥ ሰዎቹ ጉድጓዱን ትተው ወደ ወንዙ ይወርዱ ይሆናል፤ በዚያ ደግሞ ልጆቹን ተቅማጥ ይጠብቃቸዋል። ስለዚህ የሰውን ጤና የሚነካ ውጤት ሁለተኛ ናሙና ሳይመረመርና አማካሪው መምህር ሳይፈርሙበት በገጻችን አይወጣም። ከተረጋገጠ በኋላ ግን መጀመሪያ የሚነገረው ለወረዳው የውሃ ጽሕፈት ቤትና ለነዋሪዎቹ ነው፤ እኛ የምናነበው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሥራውን ያዘገየዋል የሚል ወንድም ወይም እኅት ካለ ጽፎ ይላክልን፤ እናትመዋለን።

የቁም ሣጥኑን ቁልፍ የያዙት የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ በመጪው ቅዳሜ ሊከፍቱልን ፈቅደዋል። የጥራዞቹን አርእስትና ዓመተ ምሕረት መመዝገብ እንጀምራለን። አቧራው ብዙ ነውና ነጠላ ወይም መሐረብ ይዛችሁ ኑ። የጉድጓዱን ውሃ ሁለተኛ ናሙና ለማምጣትም ሁለት ሰው ያስፈልገናል፤ የአውቶቡሱን ሒሳብ ለጊዜው አዋጥተናል።