ወገቤን ስትላችሁ «ሥራው ነው» አትበሏት

አማን ውስጥ ፀጉራችሁ የሸበተ እኅቶቼ፣ ዛሬ የምናገረው ለልጆቹ አይደለም፤ ለእኛ ለትልልቆቹ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ምንጣፍ ሲያራግፉ፣ ደረጃ ሲያጥቡ የከረሙ ልጆች ዓርብ ዓርብ ቡና ስናፈላ ይመጣሉ። «እትዬ፣ ወገቤን» ሲሉን መልሳችን አንድ ነው፦ «ሥራው ነው፣ ትለምጂዋለሽ»። ፓናዶል እንሰጣቸዋለን፣ ቅባት ቀብተን እናሻቸዋለን።

እኔም አድርጌዋለሁ። አንዲት ልጅ ጀርባዋን ለወራት አሸሁላት። ማታ ማታ ያተኩሳት ነበር፤ ትራሷ በላብ ይርስ ነበር፤ ልብሷ ሁሉ ሰፋባት። ናፍቆት ነው አልኩ። አከርካሪዋ ላይ ጉብታ በእጄ ሲዳሰሰኝ እንኳ ውልቃት መስሎኝ ጠበቅ አድርጌ አሸሁት። ሐኪም ያያት እግሯ መዛል ከጀመረ በኋላ ነው። የአከርካሪ ቲቢ ነበር። አውሮፕላን ላይ የወጣችው በሰው ተደግፋ ነው። ያ ጉብታ እስከ ዛሬ ከእጄ አልጠፋም።

ብዙዎቻችን ቲቢን በሳል ብቻ ነው የምናውቀው። ተህዋሲው ግን ብዙ ጊዜ ከሳንባ ተነሥቶ በደም ይጓዝና አጥንት ውስጥ ያደፍጣል። ዳሌና ጉልበትም ላይ ይወጣል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያዘወትረው ግን አከርካሪን ነው። የአንጓውን የፊት ወገን ቀስ እያለ ይበላዋል። በአንጓዎቹ መካከል ያለው ዲስክ ይሟሟል፣ የተበላው አንጓ ወደ ፊት ይደፋል፣ ከኋላ ጉብጠቱ ይወጣል። መግሉ እንደ ሌላ እባጭ አይቀላም፣ አያቃጥልም፤ በጡንቻ ውስጥ ቁልቁል ወርዶ ብሽሽት ላይ ሊያብጥ ይችላል። መግሉና የፈረሰው አጥንት ሕብለ ሰረሰርን ሲጫኑት እግር ይደነዝዛል፣ ሽንት መቆጣጠር ያቅታል። እንግሊዛዊው ሐኪም ፐርሲቫል ፖት ይህንኑ ጉብጠትና የእግር መስነፍ በ1779 እ.ኤ.አ. ጽፎታል፤ ሮበርት ኮክ ተህዋሲውን ለዓለም ያሳወቀው ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1882 ነው።

«በሽታውን ያመጣችሁት እናንተ ናችሁ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ አንገታችሁን አትድፉ። ወደ ዘርቃ ስትሄዱ የምታልፉት ዓይን ገዛል፣ ሰው ገና እርሻ በጀመረበት ዘመን የነበረ መንደር ነው። የኖራ ሐውልቶቹ ዛሬ ራስ አል ዓይን ባለው የዮርዳኖስ ሙዚየም ቆመዋል። እዚያ ከተቆፈሩት አጽሞች መካከል የቲቢ ምልክት ያለባቸው እንዳሉ ተመራማሪዎች በ1996 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። በሽታው እዚህ የነበረው እኛ ከመምጣታችን በሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት በፊት ነው።

አሁን ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልንገራችሁ። ለኢቃማ፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ፣ ስንመረመር ደረታችንን ራጅ ያነሡናል። ወረቀቱ ደህና ሲል «ከቲቢ ነጻ ነኝ» ብለን እንተኛለን። ያ ፊልም የሚፈልገው የሳንባ ቲቢን ነው። የአከርካሪ ቲቢ ይዟቸው ሳንባቸው በራጅ ንጹሕ የሚታይ ብዙ ናቸው። የጀርባ ራጅም ቢሆን አጥንቱ በጣም ካልተበላ ላያሳይ ይችላል፤ ቀድሞ የሚያሳየው ኤምአርአይ ነው፣ የሚያረጋግጠው ደግሞ ከታመመው ቦታ የሚወሰድ ናሙና ነው። ስለዚህ «ተመርምሬ ነበር» ስትላችሁ ምኗን እንደተመረመረች ጠይቋት።

ኢቃማ የሌላት ሐኪም ቤት መሄድ ትፈራለች። «ወደ አገር ይመልሱኛል» የምትልም አለች። ፍርሃቷን አላቃልልባትም፤ ከኋላዋ ደመወዟን የሚጠብቅ ቤተሰብ አለ። ነገር ግን አገር መግባት የሕክምናው መጨረሻ አይደለም። በኢትዮጵያ የአጥንት ቲቢ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት በአራት መድኃኒት፣ ቀጥሎ ባሉት 10 ወራት በሁለት ይታከማል፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያ መድኃኒቱ በነጻ ነው። በጊዜ የደረሰችበት ትድናለች። የተደፋ አንጓ ግን በክኒን አይቃናም።

የበሽታውን ስም ሰምታችሁም ልጅቷን ከቤት አታስወጧት። አጥንት ውስጥ ብቻ ያለ ቲቢ በትንፋሽ አይተላለፍም። ሳንባዋም አብሮ መመርመሩን ብቻ አረጋግጡ።

እንግዲህ እኅቶቼ፣ ሳምንታት ያለፈው፣ እረፍት የማያስታግሰው፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ የጀርባ ሕመም ያላት ልጅ ስትመጣ እጃችሁን ከጀርባዋ ላይ አንሡ። ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ መክሳት ካለባት ለሚቀጥለው ዓርብ አትቅጠሯት። እግሬ ከበደኝ ካለች ያንኑ ቀን ይዛችኋት ውጡ። አረብኛችን ከእሷ ይሻላል፤ ሕመሙ ስንት ወር እንደቆየ፣ ማታ ማታ እንደሚያልባት ለሐኪሙ እኛ እንንገርላት። ለታክሲው ከዕቁባችን እናዋጣ።