«ነፃ» እና «በነፃ» አንድ አይደሉም

ስለ ሊኑክስ ባነሣሁ ቁጥር «በነፃ የሚገኝ ነገር ምን ይረባል?» የሚሉኝ ወዳጆች አሉ። የሚገርመው፣ ብዙዎቹ የሚሠሩበት ዊንዶውስ ራሱ አንዲት ሳንቲም ያልተከፈለበት፣ ተገልብጦ የተጫነ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ! ሊኑክስን በዋጋው የሚንቅ ሰው አስቀድሞ የራሱን ደረሰኝ ያሳየን።

በአማርኛችን «በነፃ» ሌላ፣ «ነፃ» ሌላ ነው። አንዱ ያለ ክፍያ ማለት ሲሆን ሌላው ጌታ የሌለበት ማለት ነው። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 የጂኤንዩን ሥራ ሲያውጅ የጠየቀው ሁለተኛውን ነበር፤ ተጠቃሚው የፕሮግራሙን ውስጥ የማየት፣ የማረምና ለሌላው የማካፈል መብት ይኑረው አለ። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው ሊኑስ ቶርቫልድስም በ1991 የሥርዓቱን እምብርት፣ ከርነሉን፣ ለዓለም ዘረጋው። በ1992 ደግሞ ይህንኑ መብት በሚያስከብረው የጂፒኤል ፈቃድ ሥር አዋለው።

ውጤቱስ? በ2017 በፍጥነታቸው በዓለም ቀዳሚ ከሆኑት 500 ኮምፒዩተሮች መካከል በሊኑክስ የማይሠራ አንድም አልተገኘም። አንድሮይድ ስልክ የያዘ ሁሉ የሊኑክስን ከርነል በኪሱ ይዞ ይዞራል። «አይረባም» የተባለው እንግዲህ ይኸው ነው።

ጌታ ያለበትን ደግሞ እንይ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 2025 አቆመ። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት መሣሪያ ስለሚጠይቅ፣ ደህና የሚሠሩ ብዙ አሮጌ ኮምፒዩተሮች መስፈርቱን አያሟሉም። ማሽኑ አልታመመም፤ አከራዩ «ውጣ» አለ እንጂ። በእነዚሁ በብዙዎቹ ላይ ዴቢያን ወይም ኡቡንቱ ጭኖ መሥራት ይቻላል።

የተዘጋ ነገር ጉዳቱን ከፊደላችን በላይ ማን ያውቃል? ዩኒኮድ በ1999 ግዕዝን እስኪያካትት ድረስ በአንዱ የአማርኛ ፕሮግራም የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። ሁሉም የየራሱን ቁልፍ ይዞ ተቀምጦ ነበርና። በሊኑክስ ግን የአማርኛው ትርጉም ቢጣመም፣ የሚያውቅ ሁሉ ገብቶ ያቃናዋል፤ ፈቃድ የሚለምነው የለም።

ሊኑክስ እንከን የለበትም አልልም። ማተሚያው እምቢ የሚልበት ቀን አለ፤ የለመዱት ፕሮግራም የሚታጣበትም ጊዜ አለ። ይሁንና ኮምፒዩተር የምታስተምሩ መምህራን ሆይ፣ ቢያንስ አንዱን ማሽን በሊኑክስ አሳዩልን። የተዘጋ ሣጥን ብቻ ሲያይ ያደገ ልጅ፣ ከመጠቀም አልፎ መሥራትን ከየት ይማራል?