የታችኛው ክር ባለቤት ማን ነው?



ባለፈው የዕረፍት ሳምንት ስድስት ሆነን ከደሴ ተነሥተን በወልድያ መንገድ ሐይቅ ከተማ ደረስን፤ ከዚያም ከፊሉን በባጃጅ፣ ከፊሉን በእግር ዳገቱን ወጥተን አርዲቦ ሐይቅ ዳር ዐረፍን። አርዲቦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል የተቀመጠ ውኃ ነው። ሲሞላ ትርፉን በጅረት ቁልቁል ይሰድዳል፤ የሚሰድደውም ከበታቹ ላለው፣ የእስጢፋኖስ ገዳም ለሚገኝበት ለታላቁ ሐይቅ ነው። ታላቁን ሐይቅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ከ13ኛው መቶ ዓመት፣ ከአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን ጀምሮ ስሙ ከታሪክ ጋር ተያይዞ ይነሣል። አርዲቦን ግን ከአካባቢው ሰው በቀር ስንቱ ይጠራዋል? ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ወደዚያ የሄድነው ጂኦግራፊ ልናጠና አልነበረም። ቆሏችንን ዘርግተን እንደተቀመጥን ከመካከላችን አንዱ የእጅ ስልኩን ከድንጋይ ላይ አስደግፎ በአምባሰል ቅኝት የተዘፈነ ዘፈን ከፈተ። የአምባሰል ተራራ ከዚያ ሩቅ አይደለምና ቅኝቱን በአገሩ ሰማነው ማለት ነው። ሁላችንም ዘፋኙን አደነቅን፤ ግጥሙን አደነቅን፤ የክራሩን አገባብ አደነቅን። አንዱ ወንድማችን «ቤዝ ጊታሩስ?» ብሎ ቢጠይቅ ሌላው ሳቀ። «ቤዝ ምን ያደርጋል? ይኸው ሳንሰማው ደስ ብሎን የለም ወይ?» አለ።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈን ያ ሳቅ ነው። የአንድ ተማሪ ሳቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚያው በውኃው ዳር ትተነው በመጣን ነበር። ነገር ግን ያው ሳቅ በሬዲዮናችን፣ በካሴት ሽፋናችን፣ በኮንሰርት ማስታወቂያችን፣ በዚሁ በግቢያችን መድረክ ላይም አለ። እኛ የምንለው ይህ ነው፤ ዘመናዊው የኢትዮጵያ ሙዚቃ በቤዝ ተጫዋቾች ትከሻ ላይ ቆሞ ሳለ ስማቸውን መንፈግ ተራ መዘንጋት አይደለም፤ የሠራተኛን ዋጋ መቀማት ነው። ምክንያታችንን አንድ በአንድ እናቅርብ።

በመጀመሪያ፣ ወንድማችን ቤዙን ያልሰማው ቤዙ ስለሌለ አይደለም። ቤዝ ጊታር በተለመደው አቃኘት አራት ክር አለው፤ ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ተብለው ይቃኛሉ። የሚ ክር በጣት ሳይያዝ ሲመታ በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ የላ ክር 55 ጊዜ። የእጅ ስልክ ድምፅ ማውጫ ከሸሚዝ ቁልፍ እምብዛም ስለማይበልጥ ይህን ዝግተኛ ርግብግብታ ከጆሮ ሊያደርሰው ዐቅም የለውም። እንግዲህ ስልኩ የሰጠን ዘፈን መሠረቱ የተቆረጠ ዘፈን ነበር። የጆሮ ማዳመጫ አውጥተን ለዚያ ለሳቀው ወንድማችን ብንሰጠው፣ ሳቁን ትቶ ዘፈኑን ከመጀመሪያው ጀመረው። ሁለተኛም ደገመው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ የጠለቀ ነው። አምባሰል አምስት ድምፅ አለው፤ ከሚ ተነሥተን ብንቆጥር ሚ፣ ፋ፣ ላ፣ ሲ፣ ዶ ይሆናል። ትዝታ ማይነር የምንለውም አምስት ድምፅ አለው፤ ከላ ተነሥተን ብንቆጥር ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ይሆናል። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ሁለቱን አስተያይ! ድምፆቹ አንድ ናቸው፤ የተጨመረም የተቀነሰም የለም። ታዲያ አምባሰልን አምባሰል፣ ትዝታን ትዝታ የሚያደርገው ምንድን ነው? ቤቱ ነው፤ ይኸውም ዜማው ወጥቶ ወርዶ የሚያርፍበት ድምፅ። ዜማው የራሱ መንገድ እንዳለው አንክድም፤ ነገር ግን ባንድ ሲጫወት ያንን ቤት ከሁሉ ይልቅ አጽንቶ የሚያመለክተው የታችኛውን ክር የሚመታው ሰው ነው። በሚ ክር ላይ ቢጸና ጆሮአችን አምባሰል ይላል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ወዳለው ወደ ላ ክር ተሻግሮ እዚያ ቤት ቢሠራ፣ ዘፋኙ በእነዚያው ድምፆች እየዘፈነ ሳለ ነገሩ ወደ ትዝታ ያዘነብላል።

ይህ ብቻ አይደለም። ከሚ የተነሣው አምባሰል ሶል የሚባለው ድምፅ የለውም። ሶል ከሌለ ደግሞ የፒያኖው ተጫዋች በቤቱ ድምፅ ላይ ሜጀር ወይም ማይነር ብሎ የሚቆርጥበት ኮርድ ያጣል። ሌላው ሲያመነታ መንገዱን ይዞ የሚመራው ቤዝ ነው። ይህን ሥራ «አጃቢነት» እያልን ስንጠራው፣ ቤት የሚሠራውን ሰው የቤት ዕቃ ተሸካሚ ማለታችን ነው።

እነዚህ ሰዎች ስም የላቸውም እንዴ? አላቸው። በዚህ ጽሑፍ «አቶ» ብለን የምንጠራቸው ሆን ብለን ነው፤ ሙዚቀኛን በስሙም በማዕርጉም ማቃለል በአገራችን የቆየ ልማድ ነውና። ቀጥለን የምንጠቅሳቸው ዓመታትም ከአዋጆቹ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቶ ጆቫኒ ሪኮ በ1970ዎቹ ዓመታት በአይቤክስ ባንድ ቤዝ ጊታር ይጫወቱ ነበር፤ ጊታሩን የያዙት አቶ ሰላም ሥዩም ወልደማርያም ነበሩ። በ1975 ማሕሙድ አሕመድ «ኧረ መላ መላ»ን ሲዘፍኑ ያጀባቸው ይኸው ባንድ ነው። በ1976 ባንዱ በራስ ሆቴል የዳንስ አዳራሽ ዘፋኝ የሌለበት ሙዚቃ ቀድቷል፤ ቤዝ ምን እንደሚያደርግ ለመረዳት የሚሻ ሰው እርሱን ያዳምጥ። «ኧረ መላ መላ» በ1986 በቤልጅየም እንደገና ታትሞ፣ የአውሮፓ አድማጭ ዘመናዊ ሙዚቃችንን ካወቀባቸው ከመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች አንዱ ሆነ። ያን ሸክላ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እየተመላለሰ የሚሸከመው የቤዝ ጉዞ ነው። አይቤክስ ኋላ ሮሃ ባንድ ተባለ፤ በ1980ዎቹም አባቶቻችንና እናቶቻችን በየሻይ ቤቱና በየአውቶቡሱ ያዳመጧቸውን እጅግ ብዙ ካሴቶች ተጫወተ።

ዘመኑ የሰዓት እላፊ ዘመን እንደ ነበረ አንርሳ። የማታ ሙዚቃ ቤት በሩ ተዘግቶ፣ ተጫዋቹም አድማጩም እስኪነጋ እዚያው የሚውሉበት ጊዜ ነበር። ሲነጋ ደግሞ ካሴት መቅዳት አለ። ባንዱ በሙሉ በአንድ ጊዜ ሲቀዳ የቤዝ ተጫዋች ጣት አንድ ጊዜ ብትስት ሁሉም እንደገና ይጀምራል። «ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለው ተረታችን ለቤዝም የተነገረ ነው።

የዋልያስ ባንድን እንውሰድ። በ1977 ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ «ቼ በለው»ን ሲያወጡ ቤዙን የተጫወቱት አቶ መላኬ ገብሬ ናቸው። በዚያ ሸክላ ላይ ያለው «ሙዚቃዊ ስልት» የተባለው የግርማ በየነ ድርሰት ዛሬ በውጭ አገር ባንዶች ሳይቀር ይደገማል። ወጣቶቻችን ያን ዜማ ሲያንጎራጉሩ ብዙ ጊዜ የሚያንጎራጉሩት ቤዙን ነው፤ የማን እጅ እንደ ሆነ ግን ቢጠየቁ ዝም ይላሉ።

አቶ ሔኖክ ተመስገንንም እንጥቀስ። በ1984 በዋሽንግተን ከአቶ ቴዎድሮስ አክሊሉና ከአቶ አበጋዝ ክብረወርቅ ሺዎታ ጋር በአድማስ ባንድ ስም ሸክላ አውጥተዋል፤ በቦስተን ከተማ በበርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ተምረዋል፤ ወደ አገራቸውም ተመልሰው በአዲስ አበባ ጃዛምባ የተባለውን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከመሠረቱት አንዱ ሆነዋል። የተማረው አገሩን ትቶ ቀረ እያልን ዘወትር እንማረራለን። ተመልሶ የሚያስተምረውን ግን ስሙን እንኳ ለማወቅ አንደክምም።

አሁን ተቃዋሚዎቻችንን እንስማ። አንደኞቹ «ቤዝ ጊታር የፈረንጅ ዕቃ ነው፤ አምባሰልን ለክራርና ለማሲንቆ ተዉለት» ይላሉ። ለባህል ያላቸውን ቅናት እናከብራለን፤ ክርክራቸውን ግን አንቀበልም። ዝቅ ያለ ድምፅ ለኢትዮጵያ ጆሮ እንግዳ ነው ያለ ማን ነው? ዐሥር ክር ያለው በገናችን በዐቢይ ጾም ሲደረደር የሚሰማው ምን ዐይነት ድምፅ ነው? ክሩ ከብርኩማው ላይ እንዝራ የተባለ ቁራጭ ቆዳ ተደርጎለት እንዲነዝር ያደረጉት አባቶቻችን፣ የወፍራም ክር ጥልቀት ምን እንደሚሠራ ከአውሮፓ አልተማሩም። የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር በ1951 አሜሪካ ውስጥ በፌንደር ፋብሪካ ለገበያ መውጣቱ እውነት ነው። አምባሰልን ግን ፌንደር አልሠራውም። ዕቃው ከውጭ መጣ፤ ቤቱን የት እንደሚሠራ ያወቀው እጅ የእኛው ነው።

ሁለተኞቹ «ሕዝብ የሚመጣው ለዘፋኙ ነው፤ አጃቢ የማታ አበሉን ተቀብሎ ይሄዳል» ይላሉ። ይህ የነጋዴ ክርክር ነው፤ መልሱንም ከነጋዴዎች አገር እናምጣው። በዲትሮይት ከተማ ሞታውን በተባለው ኩባንያ በ1960ዎቹ ዓለምን ያስጨፈሩትን ዘፈኖች ቤዝ የሚጫወቱት አቶ ጄምስ ጄመርሰን ነበሩ። ኩባንያው በየሸክላው ላይ የዘፋኙን ስም እንጂ የተጫዋቾቹን አያትምም ነበር። ስማቸው በጉልህ የወጣው በ1971 በማርቪን ጌይ ሸክላ ላይ ነው። በ1983 በ47 ዓመታቸው ሞቱ። በ2000 በሮክ ሙዚቃ የክብር መዝገብ ላይ ሰፈሩ፤ ከሞቱ ከ17 ዓመት በኋላ! አሜሪካ ዘግይታም ቢሆን አፈረች። እኛ እስከ መቼ እንጠብቅ? የእኛዎቹ በሕይወት ሳሉ ማመስገን ያስወቅሳልን?

ደግሞም ነገሩ የክብር ብቻ አይደለም፤ የእንጀራ ነው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሙዚቀኛውን «ከዋኝ» ብሎ ያውቀዋል፤ ለተቀዳ ክዋኔውም የ50 ዓመት ጥበቃ ይሰጠዋል። አዋጅ ቁጥር 872/2007 ደግሞ ክፍያው በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል እንዲሰበሰብ መንገድ ከፍቷል። ሕጉ አለ። ነገር ግን በሽፋኑ ላይ ስሙ ያልታተመ ሰው የትኛውን መዝገብ አሳይቶ ድርሻውን ይጠይቃል? «ሙዚቃ፦ ባንዱ» ተብሎ ለተጻፈለት ሰው ገንዘቡ በማን ስም ይላካል? በ1975 ለተቀዳ ሙዚቃ 50 ዓመት ሲቈጠር 2025 ላይ ያልቃል። ስም መጻፍ የዘነጋ አገር ሕጉ የሰጠውን ጊዜ እንኳ ሳይጠቀምበት ያሳልፋል ማለት ነው።

እኛስ ንጹሓን ነን? አይደለንም። ባለፈው የባህል ምሽታችን መድረክ መሪው ዘፋኞቹን በየስማቸው አመሰገነ፤ የክብር እንግዶቹን አመሰገነ፤ አዳራሹን የፈቀዱልንን፣ ለስላሳ ያቀረቡልንን ሳይቀር አመሰገነ። ከከበሮው ጎን ቆሞ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቤዝ የተጫወተውን የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ግን ማንም አልጠራውም። ጣቱ ውኃ ቋጥሮ ነበር። ዕቃውን ራሱ ጠቅልሎ፣ ራሱ ተሸክሞ በዝናብ ወደ መኝታ ክፍሉ ሄደ። አጨብጫቢዎቹ እኛ ነበርን፤ ዝም ያልነውም እኛ ነን።

ስለዚህ ማኅበራችንን በግልጽ እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ከእንግዲህ በግቢያችን በሚደረግ ማናቸውም የሙዚቃ ምሽት የእያንዳንዱ ተጫዋች ስም ከነመሣሪያው በማስታወቂያው ላይ ይጻፍ፤ በመድረክም ይጠራ። አበል ካለ ለዘፋኝና ለተጫዋች በእኩል ይከፈል።

ሁለተኛ፣ በየቤታችን ያሉትን የወላጆቻችንን ሸክላዎችና ካሴቶች ሰብስበን፣ በእያንዳንዱ ላይ ማን ምን እንደ ተጫወተ የሚያሳይ መዝገብ እናዘጋጅ። በሽፋኑ ላይ ከሌለ በሕይወት ያሉትን ባለሙያዎች ሄደን እንጠይቅ። መዝገቡ በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ።

ሦስተኛ፣ ክቡራን መምህራኖቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲያጸድቁ ስለ ዘፋኝ ብቻ ሳይሆን ስለ ተጫዋችም መጻፍን ይፍቀዱ፤ ያበረታቱም። ስለ አምባሰል ቅኝት የሚጽፍ ተማሪ ቤዙ የት እንደሚያርፍ ሳያጠና ጽሑፉ ተሟላ አይባል።

ይህን ለመፈጸም ከፍ ያለ በጀት አያስፈልግም፤ ወረቀት፣ እስክሪብቶና የሚያፍር ፊት ይበቃል።

ወደ ጀመርንበት እንመለስ። ከአርዲቦ ስንወርድ ጅረቱ ወደሚሄድበት ወደ ታላቁ ሐይቅ አቅጣጫ እያየን ነበር። የላይኛው ውኃ ቢደርቅ ወይም ቢጠለፍ የታችኛው ሐይቅ አንድ ቀን ይጎድልበታል፤ በዳሩ የሚያርሰውና ዓሣ የሚያጠምደው ሰው ይህን ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ አላስፈለገውም። በሙዚቃችንም እንደዚሁ ነው። ስሙ የማይጠራ፣ ድርሻው የማይደርሰው ሙያተኛ ልጁን «ቤዝ ያዝ» አይለውም፤ ልጁም አይዝም። ያን ጊዜ ዘፋኙ ብቻውን ሲቀር አምባሰሉ የት እንደሚያርፍ ማን ይነግረዋል?

በሐይቁ ዳር የሳቀው ወንድማችን ከላይ የተናገርነውን መዝገብ ለመያዝ ራሱ ፈቅዷል። የመጀመሪያውን ገጽ ሠላሳ ዓመት ካለፈው ከአባቱ ካሴት ጀምሯል። በቤዝ ጊታር ትይዩ ያለው ቦታ ገና ባዶ ነው። ስሙን የምታውቁ መምህራንና ተማሪዎች ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት መጥታችሁ አስመዝግቡልን።