ሆስፒታል ሕሙማንን ለሚጠይቁ አባቶቻችን



ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ የመዋጮና የድንኳን ጉዳይ አይደለም። ማኅበራችን ሰው ሲሞት አያማም፤ ድንኳኑም ወንበሩም ብረት ድስቱም በሰዓቱ ይደርሳል፣ ቀባሪውም ብዙ ነው። ሰው ታሞ ሆስፒታል ሲተኛ ግን ሁሉን ነገር ለቤተሰቡና ለንስሐ አባቱ ትተን እንቀመጣለን። የንስሐ አባትም እዚያ ሲደርሱ ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚነግራቸው ሰው የለም።

ነገሩን ከራሴ ልጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የሥጋ ዘመዴን ሳስታምም ሆስፒታል ውስጥ ከርሜ ነበር። ለጠዋት ቀዶ ጥገና ተቀጥሮ ሲስተሯ ማታ መጥታ፣ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ውኃም ቢሆን እንዳይቀምስ ብላ አጥብቃ ነገረችን። ገና ጎሕ ሲቀድ የንስሐ አባቱ፣ ዋዜማውን ዘመድ ቤት አድረው ኖሮ፣ ደረሱ። ጸለዩለት፤ አሳለሙት፤ ከዚያም በጠርሙስ ያመጡትን ጠበል እስኪበቃው አጠጡት። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። የሲስተሯም ቃል ትዝ ብሎኛል። ግን አባን እንዴት ተዉ እላለሁ ብዬ ዝም አልሁ። ሐኪሙ ሲሰማ ቀዶ ጥገናውን ሰረዘው። ሌላ ተራ እስኪደርሰን ስምንት ቀን ጠበቅን፤ የያዝነው ብር አለቀ፣ አገር ቤት በግ ተሸጠ፣ ሕመሙም ባሰበት። በአባ አልፈርድም፤ ማን ነገራቸውና! አፌን ይዤ የቆምሁት እኔ ነኝ።

ምክንያቱን በኋላ ጠይቄ ተረዳሁ። ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው ጉሮሮው አይታዘዝለትም። በሆዱ ያለው ነገር ወደ ላይ ተመልሶ ወደ ሳንባው ከገባ ሊገድለው ይችላል። ጠበል ቅዱስ ነው፤ ሆድ ከገባ በኋላ ግን ፈሳሽ መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ አባቶቻችን አልጋው ዘንድ ሲደርሱ አስቀድመው ሲስተሯን፣ «ልጄ፣ ይህ ሰው መጠጣት ተፈቅዶለታል ወይ?» ብለው ይጠይቁልን። ካልተፈቀደለት ግንባሩን ቀብቶ መጸለይ ይበቃል።

ይህን የምጽፈው አባቶችን ላስተምር ብዬ እንዳይመስላችሁ። የታመመን መጠየቅ ጌታ በፍርድ ቀን ከሚጠይቀን አንዱ መሆኑን ያስተማሩን እነሱው ናቸው። ሐኪምን አክብሩ የሚለውም ትምህርት በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 አለ። ወንጌላዊው ሉቃስም ሐኪም ነበር። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከጠበል ጋር አብሮ ሊወሰድ እንደሚችል ለምእመናን በይፋ መናገራቸውን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ያን ጊዜ ብዙ ሰው ጠበል ከጀመርሁ መድኃኒት አልነካም እያለ ይጎዳ ነበርና።

ታዲያ ዛሬም በየሠፈሩ ይህ ነገር አልቀረም። አንድ ቃል ከአባት አፍ ከወጣች ሕመምተኛው ከሐኪሙ ትእዛዝ አስበልጦ ይይዛታል። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው። ሕመምተኛው ቀለል ሲለው ካቆመው በሽታው መድኃኒቱን ይለምድና ለራሱም ለቤተሰቡም የማይበገር ይሆናል። የስኳር ሕመምተኛም ኢንሱሊን ተወግቶ ልጹም ቢል ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። ፍትሐ ነገሥቱ ሕመምተኛን ከጾም ነጻ እንደሚያደርግ ከእኛ ይልቅ አባቶች ያውቁታል፤ ግን ሕመምተኛው ከአባቱ አፍ ካልሰማው ልቡ አያርፍም። «ልጄ፣ እግዚአብሔር ፈቅዶልሃል፤ ብላ፣ መድኃኒትህንም ዋጥ» የምትል ቃል ስንቱን ባዳነች!

አሁን ደግሞ ብዙዎቻችን ስለማናውቀው አደጋ ልንገራችሁ። በአፍንጫው ቱቦ የገባለት፣ አጠገቡም ረጅም ሲሊንደር የቆመለት ሕመምተኛ ኦክስጅን እየተሰጠው ነው። ኦክስጅን ራሱ አይነድም፤ ነገር ግን ትንሿን እሳት ያባብሳታል፤ ብርድ ልብሱም ፀጉሩም በቅጽበት ይያያዛል። እዚያ ክፍል ውስጥ ጧፍ ማብራት፣ ክብሪት መጫር፣ ዕጣን ማጨስ ፈጽሞ አይገባም። ጸሎተ ቀንዲል ከሰባቱ ምስጢራት አንዱ ስለሆነ ይቅር አንልም። መብራት የሚበራበት ከሆነ ግን የት ሊደረግ እንደሚችል የሆስፒታሉ ኃላፊ ይጠየቅ፤ ካልሆነም ሕመምተኛው ቤቱ እስኪገባ ይቆይ። ጠበል ሲረጭም ፋሻ በታሰረ ቁስል፣ መርፌ በተተከለበት ክንድና በኤሌክትሪክ በሚሠራ መሣሪያ ላይ እንዳይሆን። እምነቱም በግንባር እንጂ በቁስል ላይ አይነስነስ።

መስቀሉን በተመለከተ፣ ከአልጋ አልጋ እየዞሩ የሁሉንም ከንፈር ማስነካት ከአንዱ ወደ ሌላው በሽታ ያሻግራል። ግንባር ማስነካት ይበቃል፤ በመካከሉም መስቀሉንና እጅን በአልኮል መጥረግ ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ ወረዳ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል በተሰበሰበው ሕዝብ መካከል ኮሌራ ተነሥቶ ሰው ሞቷል። ስለዚህ ተቅማጥ ባለበት ሰሞን ለተኛ ሰው ጠበል ከማጠጣት መቀባቱ ይሻላል።

ስለ ኑዛዜም አንድ ነገር አለ። በአንድ ክፍል ስድስት፣ ስምንት ሰው ይተኛል፤ በየአልጋው ሥር አስታማሚ አለ። ሕመምተኛው ሰው እየሰማው ኃጢአቱን እንዴት ይናገር? መራመድ የሚችል ከሆነ ወደ በረንዳ ይውጣ፤ የማይችል ከሆነ እኛ አስታማሚዎች ለሩብ ሰዓት ወጣ እንበል። ጎረቤት አልጋ ላይ ያለው እስላምም ሊሆን ይችላል፣ ጴንጤም ሊሆን ይችላል፤ እሱም ሕመምተኛ ነውና ድምፅ ዝቅ ይበል። በሽታው ምን እንደሆነም ከዚያ ክፍል አይውጣ። (ይህችስ ለአባቶች ብቻ አይደለችም፤ ቡና ላይ የምናወራ እኛም እንስማት።)

አዊኛ ብቻ የሚናገሩ እናቶቻችን እንጅባራ ሲተኙ ብዙም አይቸገሩም። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሲላኩ ግን ሐኪሙ የሚለውን ሳይሰሙ ይውላሉ። አዊኛ የሚያውቁ አባት በሄዱ ቀን ሁለት ሥራ ሠርተው ይመለሳሉ፤ ጸልየውም አስተርጉመውም። ነገር ግን መሄጃው ከየት ይምጣ? የመኪናውን ነገር ታውቁታላችሁ፤ አባቶቻችንም ደመወዝተኛ አይደሉም። እስካሁን ከኪሳቸው እያወጡ ነው የሚሄዱት፤ ይህ ለማኅበራችን ያሳፍራል።

ስለዚህ ኮሚቴው ለሚመጣው ወርኃዊ ስብሰባ የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው፦ አባል ወይም የአባል ቤተሰብ ሆስፒታል ሲተኛ ለአንድ የንስሐ አባት የደርሶ መልስ ትራንስፖርት ከማኅበሩ ሣጥን ይከፈል። አባቶች ከመነሣታቸው በፊትም ጸሐፊው ለአስታማሚው ስልክ ደውሎ የመጠየቂያውን ሰዓትና ሕመምተኛው መጠጣት የተፈቀደለት መሆኑን ይጠይቅ። የሚቃወም ካለ መጥቶ ይናገር። አባቶቻችንም በዚያ ቀን ተገኝተው የሆስፒታሉን ችግር በራሳቸው አንደበት እንዲነግሩን በትሕትና እንጋብዛለን፤ ከላይ በጻፍሁትም የሳትሁት ካለ ያርሙኝ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
አዘና