የኢንተርኔት አድራሻ ማለቅና የድርጅቶቹ ብልኃት

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ ኢንተርኔት ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ስለ ፍጥነቱና ስለ ዋጋው ነው። እኔ ግን ጥቂቶች ብቻ ስለሚያነሡት ስለ አድራሻው ማለቅ ያለኝን አሳብ እንድገልጽ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

በኢንተርኔት የሚገናኝ መሣሪያ ሁሉ እንደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ያለ አድራሻ ያስፈልገዋል። አይፒቪ 4 የሚባለው የቆየው ሥርዓት ሊሰጥ የሚችለው 4 ቢሊዮን ከ300 ሚሊዮን የማይሞላ ቁጥር ነው። የዓለሙ መዝገብ የመጨረሻዎቹን ክፍሎች በፈረንጆች 2011 ዓ.ም. አከፋፍሎ እጁን አራገፈ። የአውሮፓውም መዝገብ በ2019 ባዶ መሆኑን አስታወቀ።

እንግዲህ ድርጅቶቹ ምን ያድርጉ? ገንዘብ ያለው ይገዛል። ማይክሮሶፍት በ2011 ከከሰረው ከካናዳው ኖርቴል 666,624 አድራሻ በ7 ሚሊዮን ተኩል ዶላር ገዝቷል። ይህ ግን ለድኃ አገር ድርጅት የሚዘልቅ አይደለም።

ስለዚህ ብዙዎቹ የያዙት መንገድ ማጋራት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ለሠራተኞቹ ሁሉ ባንድ ፖስታ ሣጥን ደብዳቤ ተቀብሎ በየስማቸው እንደሚያድል፣ ድርጅቱም አንዱን አድራሻ ለብዙ ደንበኞች ሰጥቶ የሚመጣውን መልስ ለየባለቤቱ ይለያል። ብልኃቱ ርካሽ ነው፤ ደንበኛውም አያውቀውም። ጉዳቱ የሚታየው ከተጋሪዎቹ አንዱ ያጠፋ እንደ ሆነ ነው። አጭበርባሪው የተጠቀመበት አድራሻ ሲታገድ ንጹሑም አብሮ ይታገዳል። ፖሊስ አድራሻውን ይዞ ሲመጣ፣ ድርጅቱ ሰዓቱንና ለየግንኙነቱ የተሰጠውን ንዑስ ቁጥር ካልመዘገበ የሚያቀርበው የአንድ ሰው ስም ሳይሆን የብዙ ሰዎች ዝርዝር ይሆናል። ምንም ያላደረገ ሰው ስሙ በዚያ ዝርዝር ቢገኝ ማን ይመልስለታል? የአውሮፓው የፖሊስ ድርጅት ዩሮፖል በ2017 ይህ አሠራር እንዲቀር የጠየቀው በዚሁ ምክንያት ነው። በቤልጅየም ደግሞ ድርጅቶቹ አንዱን አድራሻ ከ16 ደንበኞች በላይ ላለማጋራት በ2012 ተስማምተዋል። ይህም ወደ አዲሱ ሥርዓት ቶሎ እንዲሻገሩ ገፋፍቷቸዋል።

አዲሱ ሥርዓት አይፒቪ 6 ነው። የቁጥሩ ብዛት 340 ተጽፎ 36 ዜሮ የሚከተለው ስለ ሆነ ማለቁ አያሰጋም። ችግሩ አሮጌውና አዲሱ በቀጥታ አይነጋገሩም፤ በመካከል አስተርጓሚ መሣሪያ ያስፈልጋል። ቢሆንም የሕንዱ ጂዮ በ2016 ሥራ ሲጀምር አዲሱን አድራሻ ይዞ ነው የተነሣው። አዲስ መሣሪያ የሚተክል ድርጅት አሮጌውን ብቻ ይዞ መነሣቱ ለእኔ አይገባኝም።

በአገራችንም ከ2022 ወዲህ የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት የሚሰጡት ሁለት ድርጅቶች ናቸው። ማጋራት ለጊዜው መሸጋገሪያ ቢሆን አልቃወምም። ነገር ግን አንዱን አድራሻ ስንት ደንበኛ እንደሚጋራው፣ መዝገቡም እንዴት እንደሚያዝና ወደ አዲሱ የሚሻገሩበት ዓመት መቼ እንደ ሆነ በዚሁ ጋዜጣ ቢገልጹልን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ
ከአዲስ አበባ