ቤታችሁን ከማሳመራችሁ በፊት ማንን ጠየቃችሁ?



ዛሬ ስለ ሶፋ፣ ስለ ምድጃና ስለ ጓሮ እናወራለን። «ይሄ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የምትሉ ካላችሁ ትንሽ ታገሡን። በከተማችን በአርባ ምንጭ፣ በሲቀላም ሆነ በሴቻ፣ ለኒካሕ ተስማምተው «ቤቱ እስኪሟላ» እያሉ ቀን የሚገፉ ጥንዶች አሉ። ቤቱ ተሟላ ተብሎ ኒካሑ ከታሰረ በኋላ ደግሞ የዕቃ ዕዳ ከሙሽሮቹ ጋር አብሮ ይገባል። እናም ነገሩ የሶፋ ብቻ አይደለም። የትዳር፣ የዕዳና የቤት ሰላም ጉዳይ ነው።

ሁሉም ሰው «ኑሮ ተወደደ» ይላል። እውነት ነው፣ ተወዷል። እኛ ግን ከዋጋው ጎን ለጎን ሌላ ጥያቄ እናነሳለን፦ ያንን ዕቃ ግዙ ብሎ የመከራችሁ ማን ነው? የብዙ ወጣት መካሪ ስልኩ ሆኗል። በስልኩ የሚያየው ሳሎን የኢስታንቡል ወይም የዱባይ ነው። ቪዲዮውን የሠራው ሰው የአርባ ምንጭን ሙቀት አያውቅም፣ ምስጣችንን አያውቅም፣ የጓሯችንን አፈር አልረገጠም። አባቶቻችን «የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ» ይላሉ። የቤት ምክርም እንደዚሁ ነው፤ አገሩን ከሚያውቅ ሰው መውሰድ ያዋጣል።

ከሳሎን እንጀምር።

አርባ ምንጭ ሞቃት ከተማ ናት፤ ብዙው ቤታችንም ቆርቆሮ የለበሰ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ወፍራም የቬሉት ሶፋና ድርብ መጋረጃ መጨመር ሙቀቱን ማጠራቀም ነው። ያንን ገንዘብ ይዛችሁ አንድ የሰፈር አናጺ ብታማክሩ ምናልባት «መጀመሪያ ኮርኒስ አሠሩ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ መስኮት ክፈቱ፣ በምዕራብ በኩል ጥላ የሚሰጥ ዛፍ ትከሉ» ይላችሁ ነበር። ኮርኒስ ፎቶ ላይ አያምርም። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ የሚያስተኛ ግን እሱ ነው።

የምስጥንም ነገር ከእኛ በላይ የሚያውቁ ጎረቤቶች አሉን። ወደ ጨንቻ ስትወጡ የምታዩት የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተጠልፎ፣ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ልባስ የሚሸፈን ነው። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ምስጥ ከታች ሲበላው የተበላው ይቆረጣል፤ ቤቱ እያጠረ ለብዙ ዘመን ይኖራል። ሲያስፈልግም ሰዎች ተሰብስበው ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። ቤቱን የሚሠሩት ሰዎች ምስጥ እንደሚመጣ አስቀድመው አስበውበታል ማለት ነው። እኛስ? እግሩ ከእርጥብ መሬት ጋር የተጣበቀ ቁም ሳጥን በውድ ገዝተን፣ ሲበላ «ዕድሌ ነው» እንላለን። ከሥሩ ድንጋይ ወይም ሸክላ ማስቀመጥ፣ ከግድግዳው ትንሽ ማራቅ፣ አልፎ አልፎ ከጀርባው ማየት ምንም ያህል አያስወጣም።

የቀርከሃ ወንበር ወይም መደርደሪያ ስትገዙም «ቀርከሃው ስንት ዓመቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሦስት ዓመት ሳይሞላው የተቆረጠ ለጋ ቀርከሃ ነቀዝ ቶሎ ይበላዋል፤ ሲደርቅም ይሰነጠቃል። መልሱን የሠራው ሰው ያውቀዋል። ቪዲዮው አያውቅም።

«እንግዳ የሚቀመጥበት ሶፋ ከሌለ ምን ቤት ይባላል?» ለሚል ደግሞ ሐረርን እናሳየው። በጀጎል ግንብ ውስጥ ያለው የሐረሪ ቤት ለዘመናት እንግዳ ያስተናገደው ያለ ሶፋ ነው። መቀመጫው ነደባ ይባላል፤ ከፍና ዝቅ ያለ፣ ከቤቱ ጋር አብሮ የሚሠራ መደብ ነው። ምንጣፍና ትራስ ይነጠፍበታል፤ ግድግዳው ላይ የቤቱ ሴቶች የሰፉት ሙዳይና ሰፌድ ይሰቀላል። ያንን ቤት ያየ ሁሉ ውበቱን ይመሰክራል። በእኛም ዞን የዶርዜ ሸማኔ አለ፤ ሥራው አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ድረስ የታወቀ ነው። ጥጡ ነፋስ ያሳልፋል፣ ይታጠባል፣ ይጠገናል። ታዲያ የጋሞ ልጅ ከውጭ የመጣ ናይለን መጋረጃ በዕዳ ገዝቶ፣ የጋሞን ሸማ ለቱሪስት የሚተወው ለምንድን ነው?

ወደ ማዕድ ቤት እንግባ።

በአማርኛ ትዳር መያዝን «ሦስት ጉልቻ ማቆም» የምንለው ያለ ነገር አይደለም። ጎጆ የሚቆመው ከማዕድ ቤት ነው። ብዙ ሙሽሮች ግን ሳሎኑን ጨርሰው ለማዕድ ቤት የተረፈ ሳንቲም ይፈልጋሉ። ከዚያ በኋላ እህታችን በየቀኑ ጭስ ትውጣለች። እዚህ ላይ ግልጽ እንሁን፦ የቆየ ነገር ሁሉ ጥሩ ነው አንልም። ሦስት ጉልቻ ላይ በክፍት እሳት ማብሰል ዓይንንም ሳንባንም ይጎዳል፣ እንጨትም ይጨርሳል። «ምርጥ» የሚባለው ከሲሚንቶ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ከክፍት እሳት ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ላይኛው ሶፋ ከመገዛቱ በፊት ይሄ ይገዛ። ጭስ መውጫም ይሠራለት።

አዲስ ምጣድ ገዝታችሁ እንጀራው ከተጣበቀ ምጣዱን አትውቀሱ፤ በጎመን ዘር ተሟሽቷል ወይ? ብላችሁ እናት ጠይቁ። እሳቱ ምን ያህል ይሁን፣ ጎመን ዘሩ ስንት ጊዜ ይታሽ፣ በእጅ ካልታየ በወሬ አይገባም። ለዚህ ነው አንድ ከሰዓት ከጎረቤት እናት ጋር መዋል ከአሥር ቪዲዮ የሚበልጠው።

ጓሮስ?

ከአርባ ምንጭ ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጨንቻ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2700 ሜትር ከፍ ብላ፣ አፕል ታፈራለች። አርባ ምንጭ በ1300 ሜትር ገደማ ላይ ሆና ሙዝና ማንጎ ታበላናለች። አፕል በደንብ ለማበብ ብርድ ይፈልጋል። የጨንቻን ችግኝ አምጥቶ ሲቀላ የተከለ ሰው ቅጠል ያያል፤ ፍሬ ግን አይጠብቅ። በ37 ኪሎ ሜትር ልዩነት ምክር እንዲህ ከተለወጠ፣ ባሕር ተሻግሮ የመጣው ምክርማ ምን ያህል ይራቅ?

ለእኛ ጓሮ የሚሆነው አጠገባችን ነው። ሽፈራው፣ በጋሞ ሃለኮ የሚባለው፣ የዚሁ የደቡብ ምድር ተወላጅ ዛፍ ነው። ድርቅ ይችላል፣ ጥላ ይሰጣል፣ ቅጠሉ እንደ ጎመን ይበላል፤ ኩርኩፋም ያለ እሱ አይጥምም። ሁለት ዛፍ ለአንድ ቤት ብዙ ነገር ነው። ውኃ ለሚወድ ሙዝ ደግሞ የውዱእ ውኃችን አለ። ሳሙና የሌለበት ንጹሕ ውኃ ነውና በትንሽ ቦይ ወደ ሥሩ ምሩት። ዝም ብሎ በር ላይ ከተጠራቀመ ግን ለወባ ትንኝ መራቢያ ይሆናል፤ የወባን ነገር ለአርባ ምንጭ ሰው መንገር አያስፈልግም። ስለ ተክል በሽታና ስለ ችግኝ ርቀት የቀበሌያችሁን የግብርና ባለሙያ ጠይቁ። ሥራው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እነዚህን ሰዎች ለምን አንጠይቃቸውም? ስለማናውቃቸው አይደለም። ስለምንንቃቸው ነው።

በአገራችን ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ቆዳ ፋቂውን በክፉ ስም የመጥራት ልማድ ነበር፤ ዛሬም አልጠፋም። በጋሞ ደጋም ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ከሌላው ጋር እንዳይጋቡ ተደርገው፣ ተገልለው ለዘመናት ኖረዋል። እንጀራ የምንጋግርበትን ምጣድ የምትሠራን እናት መናቅ ምን ይባላል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጫማቸውን በእጃቸው ይጠግኑ፣ ልብሳቸውን ይሰፉ፣ በቤት ሥራም ያግዙ እንደነበር ከልጅነታችን ተምረናል። ይህን የተማረ ወጣት ባለሙያን ዝቅ አድርጎ ሊያይ አይገባውም።

«እነሱም ቢሆኑ ዋጋ ይቆልላሉ፣ ቀጠሮ ያፈርሳሉ» የሚል አይጠፋም። የሚያፈርስ አለ። ግን እኛስ ምክራቸውን በነጻ ወስደን፣ ሥራውን ለሌላ አልሰጠንም ወይ? ምክርም ሙያ ነው፤ ይከፈልበት። አናጺውን ቤት ወስዳችሁ አንድ ሰዓት ካሳያችሁት፣ የሰዓቱን ስጡት።

እንግዲህ ከየጀመዓችን የምንጠብቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሰፈራችንን አናጺ፣ ሸማኔ፣ የቀርከሃ ባለሙያ፣ ምድጃ ሠሪና ጓሮ አዋቂ እናቶች ፈቃዳቸውን ጠይቀን ስማቸውን እንመዝግብ፤ ጎጆ ለሚወጣ ሁሉ እንስጠው። ሁለተኛ፣ ለሙሽሮች ስድስተኛ የብርጭቆ ስብስብ ከመስጠት አንድ ቀን ጉልበት እንስጣቸው፤ ኮርኒሱን አብረን እንምታ፣ ቦዩን አብረን እንቆፍር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው። ሦስተኛ፣ ወላጆች ሆይ፣ «ሶፋ ሳይገዛ ልጄን አልድርም» አትበሉ። ይልቅ ምድጃው ጭስ እንዳለውና እንደሌለው ጠይቁ።

ስልካችሁን ጣሉ አላልንም። ዲዛይን እዩበት፣ ዋጋ አነጻጽሩበት። ውሳኔውን ግን አገሩን ከሚያውቅ ሰው ጋር ተማክራችሁ ወስኑ።

አላህ ቤቶቻችንን ከዕዳ የነጹ፣ የሰላምና የበረካ ቤቶች ያድርግልን። እናንተ በየሰፈራችሁ የምታውቁትን፣ ለአዲስ ሙሽሮች የሚጠቅም አንድ ምክር ከታች ጻፉልን።